የካካ ቀይ ዘይቱን

ባልዋንትራኦ ሺቶሌ ሞተው የተገኙት ሌላውን ሰው ሁሉ ለወንበር ሲያበቁ በኖሩባት በገዛ አግዳሚያቸው ላይ ነው። ጀርባቸው ግድግዳውን ተደግፏል፤ የሻይ ብርጭቋቸው እግራቸው ሥር ተደፍቷል፤ ነጭ ቆባቸው ግን ከራሳቸው አልወረደም። የቺንችፑር ሰው «ካካ» ነበር የሚላቸው፤ አጎቴ እንደ ማለት ነው። ራሳቸው አንድም ቀን ለከተማው ምክር ቤት ተወዳድረው አያውቁም። ነገር ግን ሠላሳ ዓመት ሙሉ ያንን ምክር ቤት የረገጠ ሁሉ፣ ደጉም ሌባውም፣ መጀመሪያ እዚህች አግዳሚ ላይ ተቀምጦ የካካን ምክር ሰምቷል። ሰውየው ምርጫን የሚያውቁት ገበሬ ደመናን እንደሚያውቅ ነበር።

ኢንስፔክተር ማንጃሪ ቦርካር ስትደርስ ግቢው በለቀስተኛ ተሞልቶ ነበር። ሃምሳ አለቃ ጋይክዋድ ግን ሥራው እንዳለቀለት ሰው ደረቱን ነፍቶ በሩ ላይ ጠበቃት።

«ማዳም፣ ገዳይዋን ይዘናል» አላት።

«ሬሳው ሳይነሳ?»

«ሐኪሙ ከምግብ ጋር የገባ የዕፅዋት መርዝ ነው ብሏል፤ ልብ የሚያቆም። አምባር ሻጯ ሻሚም ማኒያር ደግሞ ትናንት የጣፋጭ ሣጥን ይዛላቸው መጥታለች። ይኸውና፣ አንድ ፍሬ ጎድሏል።»

«ሻሚም ካካን ምን አደረጉኝ ብላ ትገድላቸዋለች?»

«ተፎካካሪዬን ደገፉብኝ ብላ ነዋ። በሩክሚኒ ሞሂቴ የዕጩነት ወረቀት ላይ አቅራቢ ሆነው የፈረሙት ካካ ናቸው።»

የሰባተኛው ቀበሌ ወንበር ዘንድሮ በዕጣ ለሴት ደርሷል። ወንበሩ ላይ ሁለት ዙር የተቀመጠው ዲጋምባር ሞሂቴ ዕጣው ሲነጥቀው ጊዜ አላጠፋም፤ ሚስቱን ሩክሚኒን አቆመ። በፖስተሩ ላይ የእሷ ፎቶ እንደ ቴምብር ጥግ ይዟል፤ መሐሉን የሞላው የእሱ ጢም ነው። ከእሷ ጋር የምትፎካከረው ደግሞ በየደጃፉ እየዞረች የሴቶችን እጅ ይዛ አምባር የምታጠልቀው ሻሚም ብቻ ነበረች።

«አለቃ ደውለዋል» አለ ጋይክዋድ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ከውድድሩ መውጣት የሚፈልግ የሚወጣበት ጊዜ ያበቃል፤ ከዚያ የዕጩዎቹ ስም ይለጠፋል። ከዚያ በፊት ክሱን መሥርቱ ብለዋል።»

ማንጃሪ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ገባት። ሻሚም አንዴ «መርዘኛዋ» ተብላ ስሟ ከተለጠፈ፣ ነገ ነፃ ብትወጣ እንኳ ድምፁን የሚሰጣት ቀርቶ እጁን ለአምባር የሚሰጣት ሰው አይኖርም። የወንበሩም የእንጀራዋም ነገር በዚያው ያበቃል።

ሬሳው አጠገብ ተንበረከከች። ከካካ ሰው ሠራሽ ጥርስና ከድዳቸው መካከል ቀላ ያሉ፣ በምራቅ የተዝለገለጉ ደቃቅ ፍሬዎች ተጣብቀዋል። አፍንጫዋን አስጠጋች፤ አብሽ ሸተታት። ተነሥታ የሻሚምን ሣጥን ከፈተች። በውስጡ ያለው ከወተት የተሠራ ነጭ ጣፋጭ ነው።

«ጋይክዋድ፣ ወተት ውስጥ ፌጦ ይበቅላል?»

«አይ ማዳም።»

«እኔም አይመስለኝም።»

ያንን ፍሬ አሳምራ ታውቀዋለች። ልጇን የወለደች ጊዜ አማቷ በፌጦ፣ በአብሽና በጠቆረ ስኳር የተድቦለቦለውን የአራስ ጣፋጭ እየጠፈጠፈች አርባ ቀን አጉርሳታለች፤ ምሬቱ ዛሬም ምላሷ ላይ አለ። ሱቅ ውስጥ አይሸጥም። አራስ ባለችበት ቤት ይሠራል፤ ብርድ ሲገባ ደግሞ ጉልበቱን ለሚያመው ሽማግሌ ከዚያው ላይ ይቀነስለታል። የአብሹ ምሬት ደግሞ የሌላውን ምሬት ሁሉ ይሸፍናል።

በግቢው ጥግ የካካ ዘይቱን ዛፍ ቆሟል። ውስጡ ቀይ የሆነ ዘይቱን በከተማው ከዚህ ዛፍ ሌላ የለም፤ ካካም በገዛ እጃቸው ቀጥፈው ካልሰጡ በቀር ማንንም አያስነኩም ነበር። ከታችኛው ቅርንጫፍ ላይ ፍሬ በቅርቡ ተቀጥፏል፤ የተቀነጠሰው ቦታ ገና አልደረቀም። ማንጃሪ አየት አደረገችውና አለፈች።

«በዚህ ሰፈር አራስ ያለችው ማን ቤት ነው?» ስትል ከለቀስተኞቹ አንዷን ጠየቀች።

«ዲጋምባር ቤት ናታ። የወንድሙ ሚስት ሲንዱ። አሥር ዓመት አማልክቱን ደጅ ስትጠና ኖራ ይኸው በዝናቡ ወራት ወንድ ልጅ ሰጧት። ሩክሚኒ ራሷ ናት የገዛ እናቷ አገር ድረስ ይዛት ሄዳ፣ ወራት ተቀምጣ ያዋለደቻት። እንዲህ ያለ መዋደድ የት ይገኛል?»

ጣቢያ ስትደርስ ሻሚም በእንጨት ወንበር ላይ ተቀምጣ የእጇን አምባሮች ወደ ላይ ወደ ታች ታንቀሳቅሳለች። አላለቀሰችም፤ ተናዳለች።

«ሻሚም አፓ» አለቻት ማንጃሪ፣ እህቴ እንደ ማለት ነው። «ተፎካካሪሽን ለደገፈ ሰው ጣፋጭ ይዞ መሄድ ምን ይሉታል?»

«ታዲያ ያስተማሩኝ ማን ሆኑና ማዳም? ካካ እኮ የሁላችንም አስተማሪ ነበሩ። ‹ድምፄ የሩክሚኒ ነው፣ እውቀቴ ግን የመጣ ሁሉ ነው› አሉኝ። እኔ ንግግር ያስተምሩኛል ብዬ ስሄድ መጀመሪያ የጠየቁኝ ምን ቢሆን ጥሩ ነው? ‹ቤትሽ ሽንት ቤት አለ?› ብለው። ሽንት ቤት የሌለው ዕጩ በሕግ ይሰረዛል አሉኝ። እኔ ደግሞ ስለ ውሃ ቧንቧ ነበር ልናገር የተዘጋጀሁት።» ሳቅ ሊያመልጣት ሲል መለሰችው። «ከዚያ የመራጮች መዝገብ ላይ ስምሽን በዓይንሽ አይተሻል ወይ፣ የከተማውን ግብር ባልሽ ከፈልኩ ሲል አምነሽ ነው ወይስ ደረሰኙን አይተሽ ነው፣ ጎረቤት የሚከስሽ አጥር አለ ወይ። ሲጨርሱ ‹አሁን ልጆችሽን ቁጠሪ› አሉኝ።»

«ስንት አሉሽ?»

«ሁለት። ሦስተኛ የወለደ ለምክር ቤት እንደማይወዳደር ማን ያጣዋል? እሳቸው ግን በዚያ አልረኩም። ‹ለእህትሽ የሰጠሽው፣ ሌላ ቤት የሚያድግ የለም?› አሉኝ። ‹ሕጉ የሚቆጥረው ማኅፀን ነው እንጂ እቅፍ አይደለም። ስንቱ ብልጥ እዚህ ላይ ተሰናክሏል መሰለሽ› አሉ።»

«ትናንትስ እንዴት ነበሩ?»

ሻሚም አምባሮቿን ማንቀሳቀስ ተወች።

«ከፍቷቸው ነበር። ከጣፋጩ ደስ እንዲለኝ ብለው አንዷን ቀመሱ። ምን ሆኑ ካካ ስላቸው፣ ‹ሻሚም፣ ዕጩ ሁሉ ከፊቱ የሚቆመውን ይፈራል። እኔ ሳስተምር የኖርኩት አብሮህ የሚፈርመውን እንድትፈራ ነው። ይኸው ራሴ ፈርሜ ተገኘሁ› አሉኝ። አልገባኝም። እርስዎ ይገባዎታል?»

«ሊገባኝ እየጀመረ ነው» አለች ማንጃሪ።

ወደ ዲጋምባር ቤት በሚወስደው መንገድ ላይ ቀለም ቀቢው ጋንፓት መሰላሉ ላይ ወጥቶ አገኙት። በትልቅ ፊደል የተጻፈውን የሩክሚኒን ስም በኖራ እያጠፋ ነው።

«ማን አዘዘህ?» አለ ጋይክዋድ።

«ዲጋምባር ጌታው። ትናንት ጀምበር ሳትጠልቅ ቤቴ ድረስ መጥተው፣ ጠዋት በማለዳ ሁሉንም ግድግዳ አጥፋ አሉኝ። ለምን ብላቸው ያለወትሯቸው ተቆጡኝ።»

ጋይክዋድ ዓይኑ በራ። «ማዳም፣ ካካ የሞቱት ዛሬ ንጋት ላይ ነው። ይኼ ሰው ከትናንት ጀምሮ ሐዘኑን ያውቅ ነበር ማለት እኮ ነው።»

«አንድ ነገር ያውቅ ነበር ማለት ነው» አለች ማንጃሪ።

በሞሂቴ ቤት ደረጃ ላይ የሩክሚኒ ሁለት ሴቶች ልጆች ተቀምጠው ዘይቱን ይገምጣሉ። የተገመጠው ወደ ውጭ ዞሮ ቀይ ሥጋው ይታያል።

«ከየት አገኛችሁት?» አለቻቸው ማንጃሪ ጎንበስ ብላ።

«አክስት ሲንዱ ሰጠችን» አለች ታላቂቱ። «በምሳ ዕቃዋ ውስጥ ነበር። እሷ አልበላም አለች።»

ዲጋምባር ነጭ ለብሶ፣ ዓይኑን በመሐረብ እያበሰ ተቀበላት። አፉ ቅቤ ነው። «እህቴ፣ ዛሬ የሞተው አባቴ ነው። ያቺን ሴትዮ አትልቀቂያት።»

«የሚስትህን ስም ከግድግዳ ለምን አስጠፋህ?»

መሐረቡ ዓይኑ ላይ ቆመ። «ለ... ለሐዘኑ ክብር ነዋ።»

«ሐዘኑ ከመድረሱ በፊት?»

ወዲያው ሩክሚኒ የሻይ ትሪ ይዛ ገባች። ቀጭን፣ ዓይኗን ከወለል የማታነሣ ሴት ናት። ያን ጊዜ ከጓዳ ሕፃኑ አለቀሰ። የሩክሚኒ ቀሚስ ደረቱ ሁለት ቦታ ላይ ረጠበ፤ ፈጥና በሳሪዋ ጫፍ ሸፈነችው። ዲጋምባር አላየም። እንዲህ ያለውን ነገር የሚያይ ወንድ አይደለም።

ሲንዱ ሕፃኑን እያባበለች ብቅ አለች። ፊቷ ክብ፣ ዓይኗ ከልጁ የማይነቀል። «ርቦት ነው» አለችና ተመለሰች። ወዲያው ድምፅዋ ከውስጥ ተሰማ። «እትዬ፣ እስቲ ነይ አግዢኝ።» ሩክሚኒ ትሪውን አስቀምጣ ገባች። ለቅሶው ቀጥ አለ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ሲንዱ ብቻዋን ወጣች።

«ተኛልኝ» አለች።

ማንጃሪ ውሃ ልጠጣ ብላ ራሷ ወደ ማድቤት ገባች። መደርደሪያው ላይ ብረት ዕቃዎች ተደርድረዋል። እዚህ አገር ለሙሽራ የሚሰጥ ዕቃ ሁሉ ስም ይቀረጽበታል፤ ከድግስ ቤት እንኳ አይጠፋም። ከዕቃዎቹ መሐል ትንሽ ክብ ምሳ ዕቃ ነበረች። ክዳኗ ላይ «ለሲንዱ፣ ከወንድሟ» ይላል። ስትከፍታት ውስጧ አንድ የዘይቱን ቅጠልና አንድ ፍሬ ቀርቶ ነበር። ለረጅም ጊዜ ቆማ አየችው፤ ደስ አላላትም። እንቆቅልሽ ሲፈታላት ሁልጊዜ ደስ የሚላት ሴት ዛሬ ያንን ክዳን መልሳ መግጠም ከበዳት።

ዘጠኝ ሰዓት ሳይደርስ ሁሉንም ካካ ቤት ሰበሰበቻቸው። ሬሳው ተነሥቷል። ዲጋምባር የካካ አግዳሚ ላይ ሊቀመጥ ሲል ማንጃሪ በዓይኗ አስነሣችው። ሩክሚኒ ጥግ ቆመች። ሲንዱ ሕፃኑን ታቅፋ ምንጣፍ ላይ ተቀመጠች። ሻሚምን ጋይክዋድ ከጣቢያ አመጣት፤ የገዛ ሣጥኗን ጠረጴዛው ላይ ስታይ ፊቷን አዞረች።

«ከሻሚም እንጀምር» አለች ማንጃሪ። «ከሣጥኑ አንድ ፍሬ ጎድሏል፤ እሷ ፊት ነው ካካ የቀመሱት፤ ከዚያም በሰላም አምሽተው አድረዋል። የገደላቸው ዛሬ ንጋት ከሻይ ጋር የበሉት ነው። አፋቸው ውስጥ የተገኘው ደግሞ ወተት ሳይሆን ፌጦና አብሽ ነው። የአራስ ጣፋጭ። ሻሚም ቤት አራስ የለችም። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ሆኖባት ነው እንጂ በዚህ ነገር ውስጥ የለችበትም።»

ሻሚም ካካ አሁንም አግዳሚው ላይ የተቀመጡ ያህል ወደ ቦታቸው ተመለከተች።

«አራስ ያለችው እኛ ቤት ነው ልትይ ነው?» አለ ዲጋምባር። «በየቤቱ ብርድ ሲሆን ይሠራል።»

«እናንተ ቤት አራስ አለች። ግን አራሷ ሲንዱ አይደለችም። ሕፃኑ ሲያለቅስ ደረቷ የሚርሰው የሩክሚኒ ነው። ልታጠባ የገባችው ማን፣ ባዶ እጇን የወጣችውስ ማን እንደሆነች አይቻለሁ። እናቷ አገር ወራት የተቀመጠችው ልታዋልድ ሳይሆን ልትወልድ ነው። ልጁ የአንተና የሩክሚኒ ሦስተኛ ልጅ ነው።»

ጋይክዋድ አፉ ተከፈተ። ሩክሚኒ ግድግዳውን ተደገፈች።

«ሁለት ሴቶች ልጆች ነበሩህ» አለች ማንጃሪ ወደ ዲጋምባር ዞራ። «ሦስተኛው ወንድ ሆነ። ወንድ ልጅም ወንበርም አማረህ፤ ሕጉ ግን አንዱን ምረጥ ይላል። አንተ ሁለቱንም መረጥክ። ሚስትህ ሁለት ልጆች ብቻ አሉኝ ብላ በሐሰት እንድትምል አደረግህ። ካካ ደግሞ አምነውህ ፈረሙ።»

«ይህ ሁሉ ቢሆን እንኳ ካካን የምገድልበት ምን ምክንያት አለኝ?»

«ምክንያትማ ነበረህ። ሃምሳ አለቃም እንደዚያ ነው ያሰበው። ካካ ነገሩን ደርሰውበት ሊያጋልጡህ ሲሉ ገደልካቸው ብሎ። ግን የካካን አፍ ለመዝጋት የሚገድል ሰው ውድድሩን ሊቀጥል ነው የሚገድለው። አንተ ትናንት ጀምበር ሳትጠልቅ የሚስትህን ስም ከግድግዳ እንዲያጠፉ አዝዘሃል። ሊያሸንፍ ያሰበ ሰው ስሙን በኖራ አያስጠፋም። ካካ ትናንት ቤትህ መጥተው ነበር፣ አይደለም?»

የመለሰችው ሩክሚኒ ናት። ድምፅዋን ከዚያ ቀን በፊት ማንም ጮክ ሲል ሰምቶት አያውቅም።

«የነገርኳቸው እኔ ነኝ። ትናንት ጠዋት እዚህ መጥቼ፣ ካካ፣ የፈረሙልኝ ወረቀት ውሸት ነው፣ ሦስት ናቸው አልኳቸው። አልቻልኩም ነበር። ደረቴ በፈሰሰ ቁጥር እንደ ሌባ እየተሸሸግሁ ልጄን ማጥባት አልቻልኩም። እሳቸው ምንም አላሉኝም። ቆባቸውን አድርገው ቤታችን መጡና ባለቤቴን፣ ‹ነገ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሚስትህን ከውድድሩ አስወጣ፣ ልጁን ለእናቱ መልስ፤ እኔም ዝም እላለሁ፣ አንተም ወህኒ አትወርድም› አሏቸው።»

«እሱስ ምን አለ?»

«እሺ አሉ። ወዲያው ነው እሺ ያሉት፤ ሲንዱ ሻይ ይዛ እንደ ቆመች።»

«ስለዚህ ዲጋምባር የካካ መሞት አይጠቅመውም ነበር» አለች ማንጃሪ። «ሩክሚኒም የፈለገችውን አግኝታለች። ከስምምነቱ የሚጎዳ አንድ ሰው ብቻ ነበር። ሻይ ለማቅረብ የገባች፣ ቃሉን ሁሉ የሰማች፣ ማንም ይጎዳት ይሆን ብሎ ያልጠየቃት።»

ሲንዱ ሕፃኑን ወደ ደረቷ አስጠጋች።

«ካካ ጉልበታቸውን ያማቸዋል። ዘንድሮ ብርድ ከገባ ጀምሮ ለሩክሚኒ ከምትሠሪው ላይ ትወስጂላቸው ነበር፤ ስለዚህ ምንም አልጠረጠሩም። ትናንት ምሽት ላይም መርዙን ለውሰሽበት ወሰድሽ። ምሳ ዕቃሽን ግን እዚያ መተው አልቻልሽም፤ ስምሽ ተቀርጾበታል። ጣፋጩን ሳህናቸው ላይ እስኪገለብጡ ቆመሽ ጠበቅሽ። ካካ ደግሞ የጎረቤት ዕቃ ባዶውን አይመልሱም። ዛፋቸው ሥር ሄደው፣ ለማንም የማያስነኩትን ዘይቱን ቀጥፈው ሞሉልሽ። አንቺም መጣል አልሆነልሽም። ለልጆቹ ሰጠሻቸው።» ማንጃሪ ምሳ ዕቃዋን ከቦርሳዋ አውጥታ አግዳሚው ላይ አስቀመጠች። «ብትጥይው ኖሮ ምንም ማስረጃ አልነበረኝም።»

ሲንዱ ምሳ ዕቃዋን አየች፤ ከዚያም ቀስ ብላ ፈገግ አለች፤ ደስታ የሌለበት ፈገግታ ነው።

«የሰው ስጦታ እንዴት ይጣላል?» አለች። «ደግሞ በሁለት እጃቸው ነው የሰጡኝ። ‹ለልጁ እናት› አሉኝ። ማንን ማለታቸው እንደሆነ ግን አልገባኝም። እያሾፉብኝ መሰለኝ። አሁን ሳስበው ግን ሊያጽናኑኝ ነበር መሰል።»

«ሲንዱ፣ ዝም በይ፣ ጠበቃ...» አለ ዲጋምባር።

«አንተ ዝም በል!» አለችው። የባሏን ታላቅ ወንድም አንተ ስትለው ይህ የመጀመሪያዋ ነው። «ምን ብለኸኝ ነበር? የልጁ እትብት ሳይደርቅ እጄ ላይ አስቀምጠህ፣ ‹ይህ የአንቺ ነው፣ እስከ ዕለተ ሞትሽ ማንም አይነካብሽም› አላልከኝም? አሥር ዓመት መካን እየተባልኩ የሰርግ ቤት ደጃፍ ላይ ሲያስቀምጡኝ፣ ልጅ ሰጠኸኝ ብዬ እግርህን አልሳምኩም? ትናንት ደግሞ ሻይህን ይዤ ቆሜ፣ ፊቴን እንኳ ሳታይ፣ ‹እሺ ካካ፣ እመልሰዋለሁ› አልክ። ዕቃ ነው የምትመልሰው? እኔስ ምን ነበርኩ፣ መደርደሪያ?»

ሩክሚኒ ከግድግዳው ተላቀቀች። ባሏን እንደ ማታውቀው ሰው ተመለከተችው።

«ለእሷ እንደዚያ ብለዋታል?» አለች። «ለእኔ እኮ ‹ምርጫው ይለፍ እንጂ ልጅሽ ተመልሶ እቅፍሽ ይገባል› ነው ያሉኝ። ሁለት ወር በዚህ ቃል ነው የኖርኩት።»

ዲጋምባር እጆቹን ዘረጋ። «ለቤተሰቡ ብዬ ነው። ወንበሩን ካጣን ምን እንሆናለን? ሁላችሁንም ላስደስት ብዬ...»

«ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል» አለች ማንጃሪ። «ሁለቱም ተሰበሩብህ። በሐሰት ስላስማልክ ከእኔ ጋር ትሄዳለህ። ነፍስ በማጥፋት ግን አልከስህም። ያንን ዕዳ ያሸከምከው ለሌላ ሰው ነው፤ ሕግ ደግሞ ይህንን የሚመዝንበት ሚዛን የለውም።»

ይህን ስትል ዓይኗን ከሲንዱ አሸሸች፤ ጋይክዋድም አይቶ እንዳላየ ሆነ።

ሲንዱ ራሷ ተነሣች። ማንም ሳይነካት ወደ ሩክሚኒ ሄደች። ሕፃኑን ለመስጠት እጇን ዘረጋች፤ ክንዶቿ ግን ወዲያው አልተፈቱም። ሩክሚኒም አልነጠቀችም፤ ጠበቀቻት።

«እትዬ፣ ሲያገሳ ትከሻሽ ላይ ሳይሆን ጉልበትሽ ላይ አድርጊው» አለች ሲንዱ። «ማታ ማታ ጆሮውን ይይዛል፤ ታሞ እንዳይመስልሽ። ደግሞ በግራ ጎኑ ካላስተኛሽው አይተኛም።»

«እሺ» አለች ሩክሚኒ። የወለደችው ልጅ አንድም ሌሊት አጠገቧ ተኝቶ ስለማያውቅ እንደ ተማሪ ታዳምጣለች። «እሺ ሲንዱ።»

ሲንዱ ልጁን ለቀቀችው። ጋይክዋድ እሷንና ዲጋምባርን ወደ ጣቢያ ሲወስድ ዞራ አላየችውም።

የምርጫ ሹሙ ቢሮ ሊዘጋ ሲል ሩክሚኒ ልጇን ታቅፋ ደረሰች። ማንጃሪና ሻሚም አብረዋት ገቡ። ሹሙ መነጽሩን ዝቅ አድርጎ አያት።

«ባልሽ የሉም?»

«የሉም። የተወዳደሩት እሳቸው ነበሩ፤ የምወጣው ግን እኔ ነኝ።»

«ፈርሚ እንግዲህ። ምክንያት መስጠት ግዴታ የለብሽም።»

«ይጻፍልኝ» አለች። «ሦስት ልጆች አሉኝ።»

ሹሙ ብዕሩን አቆመ። «ይህን ካጻፍሽ ትጠየቂበታለሽ። ዳግመኛም አትወዳደሪም።»

«ይጻፍ።»

ሰዓቱ ሲደርስ በሰባተኛው ቀበሌ የቀረው የሻሚም ስም ብቻ ነበር። ያለ ተፎካካሪ አለፈች። ደጃፍ የተሰበሰቡት ደጋፊዎቿ የአበባ ጉንጉን ይዘው ሲመጡ እጇን አወዛውዛ መለሰቻቸው።

«ካካ አንድ ነገር ሳይነግሩኝ ቀሩ» አለቻት ለማንጃሪ። «ማሸነፍ እንዲህ እንደሚመር። ለመሆኑ ነግረውኝ ቢሆን እሰማ ነበር?»

«ማንስ ይሰማል አፓ?»

ደረጃው ላይ ሕፃኑ ማልቀስ ጀመረ። ሩክሚኒ ተቀምጣ ጡት ሰጠችው፤ ጠግቦም አለቀሰ። ጭኗ ላይ አስተኛችው፤ ይባስ ጮኸ። ላብ ግንባሯ ላይ ወጣ። ከዚያ ቀና ብላ ያፈረ በሚመስል ድምፅ ማንጃሪን ጠየቀቻት።

«ሲንዱ በየትኛው ጎኑ ነበር ያለችው?»

«በግራ።»

ሩክሚኒ ልጇን ገለበጠችው። ጥቂት ተነጫነጨ፣ ጆሮውን በትንሽ እጁ ያዘ፣ ከዚያም ተኛ።